ሰጋቱራ የበላው መደብ

መስከረም 18

ይድረስ ለልጄ ለሚጣዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ከክፉ ቀንና ከክፉ ሰው ይሰውርልኝ። እኛ አለን። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከማመፁ በቀር ምንም አልል። ጋሼሽም ደህና ነው፤ መጋዙም አፉም እንደተሳለ ነው።

ከደብዳቤ ስልክ ይሻላል ያልሽው አይሆንም። በስልክ የተወራ ከጆሮ አያልፍም። ደብዳቤሽ ግን ስንት ቀን ያገለግለናል መሰለሽ! ጋሼሽ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደርግና የእንጨት ሥራ ቤቱ መሃል ቆሞ ለደንበኞቹ ሁሉ ያነበዋል። ወንበር ሊያሠራ የመጣ፣ በር ሊያስጠግን የመጣ፣ ሁሉም ያውቅሻል። «የአፈር ባለሙያዋ» ነው የሚሉሽ። እህቴ አንቺን ትታልኝ ስትሞት ገና ጥርስ እንኳ አላወጣሽም ነበር፤ ዛሬ ስምሽ ሲጠራ ደረቴ ይነፋል። ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። ይሁን፣ ይቺን አንዷን ይቁጠርብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ጋሼሽ ሰጋቱራው በተጠራቀመ ቁጥር ከቤቱ ጀርባ ያቃጥለዋል። ጭሱ ሌላ መንገድ የለው ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ እኔ አትክልት ነው የሚመጣው። አፈሩም ደክሟል፤ ጎመኑ አንገቱን ደፍቷል። የቦታው ባለቤት ባለፈው መጡና አጥሩን ተደግፈው አይተው፣ «በዚህ ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ካላየሁት ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ የሚፈልግ ሞልቷል» አሉኝ። ይቺ ቦታ ከሄደች እኔ ምን እሆናለሁ? ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ሌላ የለኝም እኮ።

አንቺ ከአፈር ጋር የምትውዪ ነሽ። ይህን ሰጋቱራ ምን እናድርገው? አፈሩንስ ምን ላብላው?

አክስትሽ


ጥቅምት 9

ለውድ እቴቴ፤

ሰላምታዬ ከእንጨት ሥራ ቤቱ በር ጀምሮ እስከ ጎመንሽ ሥር ይድረስ። ጉልበትሽን ፈጣሪ ያበርታልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ ሰጋቱራውን እባክህ አታቃጥል! (ይህቺን ስታነብ ድምፅህን ከፍ አድርግ።)

እስቲ ላስረዳችሁ። ዛፍ ሲያድግ ገላው ሁሉ ከአፈር የመጣ ይመስለናል። አይደለም፤ አብዛኛው ከአየር ነው። እኛ ተንፍሰን የምናወጣው አየር ውስጥ ካርቦን የሚባል ነገር አለ። ቅጠል እሱን ስቦ በፀሐይ ጉልበት ከውሃ ጋር ያዋህደዋል፤ ግንድ ያደርገዋል፣ ቅርንጫፍ ያደርገዋል፣ ቲማቲም ያደርገዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ዛፉ ሲወድቅ ደግሞ ሻጋታው፣ እንጉዳዩ፣ ትሉ፣ በዓይን የማይታየው ጥቃቅን ነፍስ ሁሉ ተሰብስቦ ይበላዋል። በልተው ይተነፍሳሉ፤ ካርቦኑ ተመልሶ አየር ይሆናል፤ ከፊሉም ጥቁር አፈር ሆኖ ይቀመጣል። አየር የሆነውን ሌላ ቅጠል እንደገና ይስበዋል። እቴቴ፣ አንቺ ጎመን ስትኮተኩቺ የምትተነፍሽውን ያው ጎመን ይበላዋል ማለት ነው። ጋሼ ሲያቃጥለው ግን እነሱ ቀስ ብለው በዓመታት የሚሠሩትን በአንድ ከሰዓት ጭስ አድርጎ ይበትነዋል፤ ለአፈሩ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው።

ስለዚህ መደቡ ውስጥ ጨምሩት። እዚህ የከተማውን ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ ሁሉ በአንደኛው በር እንደ ተራራ እያስገባን ነው። በሌላኛው በር ጥቁር፣ ልል አፈር ሆኖ ይወጣል። በየቀኑ በእጄ እየዳሰስኩት ነው የምነግርሽ። እኛ ባለሙያዎች «አፈር የራበው እንደሆነ እንጨት አብላው» እንላለን። ምንም አትጠራጠሪ።

ልጅሽ ሚጣ


ኅዳር 4

ለልጄ ለሚጣዬ፤

እጅሽ ይባረክ፤ የምትይዢው አፈር ወርቅ ይሁንልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን የእንጨት ሥራ ቤቱ ጉባኤ ሆኖልሽ ነበር። ጋሼሽ «ከአየር ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ አቆመና፣ «ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን አየር ስሰነጥቅ ነው የኖርኩት በሉኛ! እጄ ላይ ምንም ያልቀረው ለካ ወድጄ አይደለም» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው።

እንዳልሽው አድርገናል። ሰጋቱራውን በጆንያ እየሞላን ወስደን፣ ሁሉንም መደብ በዶማ ገልብጬ ከአፈሩ ጋር ለወስኩት። ጋሼሽ «በአንድ መደብ ሞክረሽ እዪው መጀመሪያ» ብሎኝ ነበር። «የልጄን ቃል የምሞክር ሰው ነኝ እንዴ?» አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ጆንያውን ተሸከመልኝ። በላዩ ላይ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ተክያለሁ። የቦታው ባለቤት በዚያ ሲያልፉ አዩና «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሳይንስ ነው» አልኳቸው። እንዲያ ስል ብታዪኝ ትሞቺ ነበር በሳቅ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ሥራሽ ላይ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ። ጋሼሽ ፍሬም ሊሠራለት ጥሩ እንጨት መርጦ አስቀምጧል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 1

ለእቴቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ይህቺን በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ።

ሰጋቱራው ስንት ጆንያ ነበር? ትኩስ ነው ወይስ የቆየ? ፍግ ወይም አዛባ አብረሽ ጨምረሽበታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ያልለወስሽው ካለ እንዳለ ተዪው፣ ከላይ ይቀመጥ።

ፎቶውን እልክልሻለሁ።

ሚጣ


ታኅሣሥ 26

ለልጄ ለሚጣዬ፤

ሰላምና ጤና ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ እንደ ቴሌግራም አጥራብኝ ምን ነካት አልኩ። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል፤ አይዞሽ።

ስንት ጆንያ ላልሽኝ፣ የነበረውን ሁሉ ነው። ትኩስ ነው ወይ ላልሽኝ፣ ከመጋዙ ሥር ገና ሲሞቅ ያፈስነው ነው። ያልለወስኩት የለም። ፍግ ላልሽው ግን፣ አንቺ መቼ ፍግ አልሽና ነው? አልጨመርኩም።

ሚጣዬ፣ ጎመኑ ከታች ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው። ቲማቲሙም ከተከልኩት ወዲህ አንዲት ጣት አላደገም። እንደ ታመመ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ለጋሼሽ «ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል» እያልኩ ነው፤ እሱም የሚያምነኝ ይመስላል። ባለቤቱ በሚያዝያ መጥቼ አየዋለሁ ብለዋል። ምን ላድርግ? ያልሽኝን አደርጋለሁ፤ ቶሎ ብቻ ጻፊልኝ።

ፎቶሽ እስካሁን አልደረሰም።

አክስትሽ


የካቲት 3

ለምወድሽ እቴቴ፣ ለማከብርህ ጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ምንጭ ውሃ ሳይቋረጥ ይድረሳችሁ። ጤናችሁን ፈጣሪ ያብዛው፤ ቤታችሁን በረከት ይሙላው። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ ብርዱ በርትቷል። የክፍሌ መስኮት አልገጥም ብሎኝ በጋዜጣ ወትፌዋለሁ፤ ጋሼ ቢያየው ይሰድበኝ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሥራ ቀየረች። ሌላ ብዙም አዲስ ነገር የለም።

ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ትንሽ ገንዘብ ልኬልሻለሁ፤ ለጉልበትሽ መታከሚያ ይሁንሽ።

ቢጫነቱን በተመለከተ፣ ምናልባት ውሃ በዝቶበት ይሆናል። ትንሽ ውሃ ቀንሺለት።

ሚጣ


መጋቢት 2

ለልጄ ለሚጣዬ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እንዳለን አለን።

ባልሽኝ መሠረት ውሃ ቀነስኩ። ፀሐዩ ደግሞ በዚህ ሰሞን ጨክኖ ነበር። የቀረውም ደረቀ። ቲማቲሙን ትናንት ስነቅለው ያለ ምንም ትግል እጄ ላይ መጣ። አንቺ ምንም አትሁኚ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው። በደንብ አልለወስኩት ይሆናል፤ ወይ ያልሽውን በቅጡ አልሰማሁ ይሆናል። አሮጊት ሳይንስ ስትነካ እንዲህ ነው።

ገንዘቡን ባመጣው ሰው እጅ መልሼልሻለሁ። አትቀየሚኝ። የጠየቅኩሽ መልስ ነበር፤ አንቺ ገንዘብ ላክሽልኝ።

ጋሼሽ የመጨረሻዋን ደብዳቤሽን ለደንበኞቹ አላነበበም። ለብቻው አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተታት። ሰጋቱራውን ግን አያቃጥልም። ጥግ ላይ እየከመረው መግቢያ አጣን። «ኧረ አቃጥለውና እንገላገል» ስለው «ሚጣ አታቃጥል ብላለች» ይለኛል።

አክስትሽ


መጋቢት 24

እቴቴ፤

ዛሬ በሰላምታ አልጀምርም። ከጀመርኩ እንደ ባለፈው ሰላምታው ውስጥ ተደብቄ እቀራለሁ።

ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። የእኔ ነው።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ብስባሽ አፈር የሚሠራበት የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ የወንፊቱ ማሽን አጠገብ ቆሜ ፕላስቲክ፣ ጠጠርና ያልበሰበሰ ስንጥር የምለቅም ሠራተኛ ነኝ። ነጭ ጋውን የለኝም፤ ያለኝ ብርቱካናማ ሰደርያ ነው። ፎቶው ያልደረሰሽ ለዚህ ነው። በአንድ በር ሲገባ፣ በሌላው ሲወጣ አያለሁ ያልኩሽ እውነት ነው። መሃሉን ግን አይቼው አላውቅም። ያቺ «አፈር የራበው እንደሆነ» የምትለዋን አባባል ደግሞ ማንም አይላትም። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የፈጠርኳት ነች። አማረችብኝና ጻፍኳት።

የኅዳሩ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ለፈረቃ አለቃችን ነገርኩት። ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ትኩሱን? ከአፈሩ ጋር ለውሳ? ተክላበትም?» አለኝ። ከዚያ ወደ መሃሉ ወሰደኝና አሳየኝ። ለካ እንጨት ለእነዚያ ጥቃቅን ነፍሳት ማባያ እንደሌለው ደረቅ ዳቦ ነው። ካርቦኑ ሞልቷል፤ ናይትሮጅን የሚባለው ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለ እሱ ደግሞ መብላት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ማባያውን ከአፈሩ ይሻማሉ። ከተክሉ ሥር ቀድመው ይደርሱበታል። ተክሉ ጠግቦ የሚያድር በሚመስል አፈር ላይ ቆሞ ይራባል፤ ቢጫ ያደረገው ይኸው ነው። እዚህ ሰጋቱራው መጀመሪያ ከፍግና ከእርጥብ ሣር ጋር ተከምሮ፣ እየጋለ፣ እየተገላበጠ፣ ወራት ይቆያል። እኔ የዘለልኩት ይህንን ነው።

እቴቴ፣ ይህን ያወቅኩት በዚያው ቀን ነው። ያን ጊዜ ደውዬ «ፍግ ጨምሪበት» ብልሽ ምናልባት ይድን ነበር። ስልኩን አንስቼ ነበር። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ሲያነብ፣ ደንበኞቹ «የአፈር ባለሙያዋ» ሲሉ ታየኝና አፈርኩ። ስልኩን አስቀመጥኩት። ጥያቄ አስመስዬ ፍግ ያነሳሁብሽ ለዚያ ነበር። ውሃ ቀንሺ ያልኩሽ ደግሞ ስህተት አይደለም፤ ውሸት ነው። የምለው ጠፍቶኝ ነው። አንቺ ግን ያን ውሸት ይዘሽ ሄደሽ ውሃውን ዘጋሽው።

አለቃችን እንደሚለው እነዚያ ጥቃቅን ነፍሳት የወሰዱትን ይዘው አይቀሩም። እንጨቱን ሲጨርሱ ይሞታሉ፤ ሲሞቱ የያዙት ሁሉ ለአፈሩ ይመለሳል። ዓመት ይፈጃል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ፍግ ከተጨመረበት ይፈጥናል። እባክሽ ባለቤቱን ለምኛቸው። ይህን ደብዳቤ አሳዪአቸው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይወቁ። ጋሼም ለደንበኞቹ ያንብበው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሚጣ


ሐምሌ 11

እቴቴ፤

ደብዳቤዬ ደርሶሻል? ሁለት ሦስቴ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደህና መሆናችሁን ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ሚጣ


ጥር 20

ይድረስ ለሚጣዬ፤

ጤናሽን ይስጥሽ። እኔም ደህና ነኝ፣ ጋሼሽም ደህና ነው።

ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም ደርሰውኛል። ስልኩም ሲጮህ ሰምቻለሁ። ያላነሳሁት ተናድጄ ነው። «ሥራ በዝቶብኝ» ብዬ ልጽፍልሽ አሰብኩና ተውኩት። ልጅ በእናቷ ትወጣለች እንጂ እናት በልጇ ስትወጣ አያምርም።

ጋሼሽ አነበበው። እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ «ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም» ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደና ቀና ብሎ አየኝ። «አንብበው፤ ይነበብ ብላለች» አልኩት። አነበበው። «ውሸት ነው» ያልሽው ላይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መነጽሩ ምንም አልሆነም ነበር። አልጋውን ሊወስድ የመጣ አንድ ደንበኛ «ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት» አለ። «አንተ ዝም በል፤ ገና አልጨረስንም» አልኩት።

ቦታው ሄዷል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለቤቱ መጥተው ካዩ በኋላ ነው። «ሳይንሱ አልሠራም» ብለው ብቻ ሄዱ። አሁን ጠዋት ጠዋት ለጋሼሽ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። እጄ ለእንጨት አልተፈጠረም።

የተናደድኩት ስለ ሰጋቱራው እንዳይመስልሽ። ሰጋቱራውን የጨመረው ማን ነው? አንድ መደብ ሞክሪ ስባል እምቢ ያልኩት እኔ አይደለሁም? የተናደድኩት እኔን ማፈርሽ ነው። አፍንጫሽን ስጠርግልሽ ያደግሽ፣ እኔን ታፍሪያለሽ? ያቺ ስልክ ብትደወል ኖሮ እያልኩ ስንቴ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

ከዚያ ደግሞ የድሮዎቹን ደብዳቤዎችሽን ከመሳቢያው አውጥቼ አየኋቸው። መጀመሪያ የጻፍሽው «ሥራዬ አፈር ላይ ነው» ነው። ባለሙያ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ነጭ ጋውኑንም ያለበስኩሽ እኔ ነኝ። ለሰው ሳወራ ከፍ ከፍ አደረግኩሽና መውረጃ መሰላል ነሳሁሽ። ይሄ ደግሞ የእኔ ነው። ሌሊት የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት በአጥሩ ሥር ሳልፍ ቆምኩ። እስከዛሬ ዓይኔን አዙሬ ነበር የማልፈው። ቲማቲሙ ቁመቴን አክሏል። ጎመኑ በሁለት እጅ አይታቀፍም። ቦታውን የወሰደው ጎልማሳ ፍግ በጋሪ ሲያስገባ ቆይቶ ነበርና ልምላሜው ከፊሉ ከዚያ ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሲያየኝ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ይሄን አፈር ምን አብልተውት ነው? እኔ ብዙ ቦታ አርሻለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም» ብሎ ከአፈሩ አንድ እፍኝ አነሳልኝ። ጥቁር ነው፤ ልል ነው፤ ጣቴ መሃል ፈረሰ። ሽታው እንኳ ሌላ ነው። ሰጋቱራው የለም፤ አንዲት ፍንጣሪ አጣሁበት። እንዳልሽው የተበደረውን መልሷል፣ ሚጣዬ። ተቀባዩ ሌላ ሰው ሆነ እንጂ።

«የልጄን ምክር ነው ያበላሁት» አልኩት።

ሳቀ። «ምክሯን ለእኔም ይንገሩኛ፤ ሌላ ቦታም አለኝ» አለ። ሰጋቱራ ብዬው ብሄድ ነገ ትኩሱን ይዞ እንደሚሮጥ ታየኝ። አጥሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። አየሩን፣ ቅጠሉን፣ እነዚያን ጥቃቅን በላተኞች፣ ማባያውን። መሃሉን አልዘለልኩበትም። የጋሼሽንም ክምር ከፍግ ጋር ሊያበሰብሰው በጋሪ ይወስደዋል፤ ክምሩ ሲደርስ አንድ መደብ ለእኔ ይለቅልኛል። ልሞክርበት።

ስነሳ ቲማቲም በሻርፔ ቋጠረልኝ። ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ አንዱን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ እያለቀስኩ ጨረስኩት።

ፎቶሽን ላኪልኝ፤ በብርቱካናማው ሰደርያ፣ ከወንፊቱ ማሽን አጠገብ። ፍሬሙ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። ጋሼሽ ባዶውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ደንበኛ ሁሉ የማን ነው እያለ ይጠይቀናል፤ እኛም የልጃችን ነው እንላለን።

አክስትሽ